ቋጥኝ የቀቀለች ሴት

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚሄድ ሰው የገደሉ አፋፍ ላይ ከመድረሱ በፊት ወደ ግራ የሚገነጠል የእግር መንገድ ያገኛል። በዚያ ሲሄዱ ብርዱ እየጠና፣ ገብሱ እያጠረ፣ ጓሳው እየበዛ ይመጣና መጨረሻው አንድ ጎድጓዳ ሜዳ ይሆናል። የሜዳው መካከል ውኃ ነው። ዙሪያውን ጅብራ ስለበቀለበት አገሬው ጅብራ ባሕር ይለዋል። በስተምሥራቅ ሜዳው ድንገት ይቆረጥና ገደል ይሆናል፤ ከገደሉ በታች ጉም፣ ከጉሙ በታች ቆላ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ጠዋት ከገደሉ ወጥተው ሣር ሲነጩ ይውሉና ሲመሽ ወደ ቤታቸው ይወርዳሉ።

በዚህ ባሕር ዳር ሁለት መንደሮች ነበሩ፤ በታች በኩል ቀጋ ሜዳ፣ በላይ በኩል አስታ በር። በሰለች የቀጋ ሜዳ ሴት ናት። ቁመቷ አጭር፣ ድምጿ ግን ከባሕሩ ማዶ የሚሰማ ነበር። ነገር ስትጀምር ቀኝ እጇን ወገቧ ላይ ታደርጋለች፤ ያን ጊዜ የሚያውቋት ሰዎች ሥራቸውን ያስታውሱና ይሄዳሉ። ባሏ ወልደተንሣኤ ገብስ ጭኖ ቆላ ወርዶ ንዳድ ይዞት ተመለሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። የቀራት አንዲት ሴት ልጅ ሸዋወርቅ፣ ጥንድ በሬና ከባሕሩ ግርጌ ያለች አንዲት ጥቁር አፈር ማሳ ነበረች። ማሳዋ ትንሽ ናት፤ ግን ውርጭ የሌላውን ገብስ በሚያቃጥልበት ዓመት እንኳ ከውኃው የሚነሣው እንፋሎት ይጠብቃታል። ሸዋወርቅ ስትዳር ይህችን ማሳ ይዛ እንድትወጣ እናትና ልጅ ተስማምተው ነበር።

በ1946 ዓ.ም. ክረምት ይህ ሁሉ ተበላሸ።

ጅብራ ባሕር ሲሞላ ትርፉን የሚያፈስበት አንድ ጠባብ በር ነበረው፤ ውኃው በዚያ አልፎ ወደ ገደሉ ይወረወራል። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተና ከበሩ በላይ ያለው ኮረብታ ተናደ። ሰው አልሞተም፤ ከብትም አልተጎዳም። ጎጆ የሚያህል ቋጥኝ ተንከባሎ መጥቶ ልክ በሩ ላይ ቁጭ አለ፤ ጭቃና ጠጠሩ ዙሪያውን ደፈነው። ውኃው መውጫ ሲያጣ ወደ ኋላ ተመለሰ። መስቀል ሲደርስ በበሰለች ገብስ ላይ ዳክዬ ይዋኝ ነበር።

በሰለች መጀመሪያ አልተናደደችም። «ድንጋይ አይደል? ሰው ከተሰበሰበ ይነሣል» አለች። ጠላ ጠምቃ ደቦ ጠራች። የቀጋ ሜዳ ወንዶች መጡ፤ ገፉ፣ በመጫኛ ጎተቱ፣ ጠላውን ጠጡ፣ ሄዱ። ቋጥኙ ንቅንቅ አላለም። ከመንደሩ የእሷን ያህል የተጎዳ ስላልነበረ ሁለተኛ ስትጠራ የመጣው ታናሽ ወንድሟ ወልደሩፋኤል ብቻ ነው።

«እትዬ» አላት ቋጥኙን በእግሩ እየመታ፣ «ይህንን የሚያነሣው ያመጣው ብቻ ነው።»

«ያመጣው ዝናብ ነው። ዝናብ ልለምን?»

«ኧረ ተዪው፤ ሌላ እንዳይጨምርልሽ።»

ችግሩ ግን ቋጥኙ ብቻ አልነበረም። የአስታ በር ሰዎች በናዳው ደስ ብሏቸዋል። ከዚያ በፊት በጋ በመጣ ቁጥር ባሕሩ ስለሚሸሽ ከብቶቻቸው ረግረጉን ተሻግረው ነበር የሚጠጡት፤ እዚያው ሰጥማ የቀረች ላም ብዙ ናት። አሁን ውኃው ደጃቸው ድረስ መጣላቸው። በዳርቻውም ለቤት ክዳን የሚሆን ፊላ በቀለ። የመንደሩ ጭቃ ሹም ገብረአማኑኤል የሚባል፣ ቀስ ብሎ የሚናገርና ሰው ሲቆጣ ይበልጥ ቀስ የሚል ሽማግሌ ነበር። በሰለች ቤቱ ድረስ ሄደች።

«አያ ገብረአማኑኤል፣ ሰዎችዎን ይዘዙልኝ። ሁለቱ መንደር ሆነን ጭቃውን ብንጠርገው ቋጥኙን ውኃው ራሱ ይገፋዋል።»

ገብረአማኑኤል ከመደቡ ተነሥቶ በቦታው አስቀመጣት። «በሰለች፣ በመሬትሽ አዝኛለሁ። ወልደተንሣኤ ወዳጄ ነበር። ግን የእኔ ላሞች ጭቃ ውስጥ ሲያልቁ ቀጋ ሜዳ መጥቶ አልጎተተልኝም። አሁን እግዜር የሰጠንን ውኃ በገዛ እጃችን እናፍስሰው ትይኛለሽ?»

«እግዜር ለእርስዎ የሚሰጠው ከእኔ ነጥቆ ነው?»

«እሱን ራሱን ጠይቂው» አላት ቀስ ብሎ።

ከዚያ በኋላ በሰለች በሩ እንዲከፈት ገብረአማኑኤልን ከሰሰችው፤ ጉዳዩም ዳኛ ፊት ቀረበ። በሰለች የቀጠሮን ነገር ያን ጊዜ ተማረች። አንድ ጊዜ ተከሳሽ አልቀረበም ይባላል፤ አንድ ጊዜ ዳኛው ታመዋል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ የቀረበው ምስክር የከሳሽ ወንድም ስለሆነ አይሰማም። ስንቋን ቋጥራ ሌሊት ወጥታ ጠዋት ደርሳ፣ «ለሚቀጥለው ወር» ተብላ ትመለሳለች። እግሯ ሲሰነጣጠቅ ቅቤ ትቀባዋለች፤ ንዴቷን ግን የምትቀባው ነገር አልነበራትም። ሁለት ክረምት እንዲህ ካለፈ በኋላ ዳኛው «ነገሩን በዓይኔ ካላየሁ አልፈርድም» አሉና ለጥቅምት ቀን ቆረጡ።

በዚያ ቀን በሰለች ነጭ ቀሚሷን ለብሳ በማለዳ ከማሳዋ ዳር ቆመች። ገብረአማኑኤልም ጋቢውን ተከናንቦ ከሽማግሌዎቹ ጋር መጣ። ዳኛው በበቅሎ፣ ጸሐፊያቸው በእግሩ ደረሱ። ከእነሱ ጋር አብሮ ጉሙ ደረሰ። ከገደሉ ሥር ተነሥቶ አፋፉን ወጣ፤ ጅብራዎቹን አንድ በአንድ እየዋጠ መጥቶ ሰዎቹንም ዋጣቸው።

«ባሕሩ የት ነው?» አሉ ዳኛው።

«ፊትዎ ላይ ነው፣ ጌታዬ።»

«አይታየኝም።»

«ጉም ሆኖ ነው። ትንሽ ቢታገሡልኝ ይገፋል።»

ዳኛው ታገሡ። ከበቅሏቸው ወርደው እግራቸውን እየረገጡ ቆዩ። ጉሙ አልገፋም። በውስጡ ዳክዬ ሲጮህ ይሰማል፤ ውኃው ዳሩን ሲልስ ይሰማል፤ የሚታይ ነገር ግን የበቅሎዋ ጆሮ ብቻ ነበር። በሰለች ትዕግሥቷ አለቀ። ድንጋይ አንሥታ ወደ ፊቷ ወረወረች፤ ጧ ብሎ ውኃ ውስጥ ገባ።

«ሰሙ ጌታዬ? ውኃ ነው! የወደቀበት የእኔ ማሳ ነው!»

«ውኃ መኖሩን ማን ካደሽ፣ ሴትዮ?» አሉ ዳኛው። «ማሳው መኖሩን ነው ማየት ያለብኝ። በጆሮ አልፈርድም።»

ወደ ገብረአማኑኤል ዞረች። «አያ ገብረአማኑኤል፣ በጊዮርጊስ! ማሳዬ እዚህ አልነበረም? እርስዎ ራስዎ እዚህ አዝመራ ላይ በልተው አያውቁም?»

ገብረአማኑኤል ጋቢውን እስከ አፉ ሳበው። «ተከሳሽን ለምስክርነት አይጠሩም፣ በሰለች» አለ።

ዳኛው ቀትር ገደማ ጣቶቻቸው ሲደነዝዙ በቅሏቸው ላይ ወጡ። ኮረብታውን ተሻግረው ከዓይን በተሰወሩ ልክ ጉሙ እንደ ተጠቀለለ ቁርበት ተነሣ። ባሕሩ ሰማያዊ ሆኖ፣ የማሳዋ አጥር እንጨቶች ጫፍ ጫፋቸው ከውኃው በላይ ቆመው ወለል ብሎ ታየ። በሰለች ነጠላዋን እያውለበለበች፣ «ኧረ ተመለሱ! ኧረ ይኸው!» እያለች ኮረብታው ጫፍ ድረስ ሮጠች። የሰማት ጭላዳ ብቻ ነበር። መንጋው በርግጎ ወደ ገደሉ ወረደ።

ሌላ ቀጠሮ ተሰጠ። በሚያዝያ ዳኛው ራሳቸው አልመጡም፤ ሰው ላኩ። በልግ የቀረበት ዓመት ስለነበረ ውኃው ሸሽቶ የማሳዋ ግማሽ ከነስንጥቅ ጭቃው ወጥቷል። ሰውዬው ጭቃውን በዘንጉ ወጋ አደረገና «መሬትሽ ይኸው አይደለም እንዴ?» አላት። በሰኔ ተመልሶ በውኃ እንደሚዋጥም፣ ዘር ቢዘራበት እንደሚበሰብስም ብታስረዳው «ክረምት ውኃ የማይተኛበት መሬት የት አለ?» ብሎ ሄደ። መዝገቡ ተዘጋ።

በዚያው ዓመት ለሸዋወርቅ ሽማግሌ የላከው ከቅርብ ያለ ደኅና ቤተሰብ ነበር። ሽማግሌዎቹ በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁና መጨረሻ ላይ «ማሳዋስ?» አሉ። በሰለች ወደ ባሕሩ አሳየቻቸው። እነሱም ተያዩና «እንመካከርና እንመለሳለን» አሉ፤ አልተመለሱም። ሸዋወርቅ በኋላ ያገባችው ደነባ ያለ፣ ሚስቱ የሞተችበትን ሰው ነው። ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ግን ደነባ ሩቅ ነው፤ እናትየዋ ልጇን የምታየው ለፋሲካ ብቻ ሆነ። «ባሕሩ መጀመሪያ መሬቴን፣ ቀጥሎ ልጄን ወሰደ» ትል ነበር በሰለች፣ ለሰማትም ላልሰማትም።

አንድ ቀን ብቻዋን ሽሮ ስትሠራ ድስቱ ገነፈለና ውኃው በጋለው ጉልቻ ላይ ፈሰሰ። ጉልቻው ጧ ብሎ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ድስቱ ተደፋ። በሰለች የፈሰሰውን ሽሮ ትታ ጉልቻውን በጨርቅ ይዛ አገላበጠችው። ከዚያ ወጥታ ወንድሟን ጠራች።

«ወልደሩፋኤል፣ ቋጥኙን እናግለውና ውኃ እናፍስበት።»

ወልደሩፋኤል ጉልቻውንም እሷንም አየ። «እትዬ፣ ይህ ጡጫ የሚያህል ድንጋይ ነው። ያኛው ቤት ያህላል።»

«ትልቅ እሳት እናነድዳለን።»

በማግሥቱ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ በጋ በመጣ ቁጥር ሥራዋ ይኸው ሆነ። በዚያ ብርድ አገር እንጨት የለም፤ አስታ የሚባለውን ቁጥቋጦ ሥር እየቆፈረች፣ ለክረምት ልትሞቀው የሚገባትን ኩበት እየተሸከመች ትወስዳለች። ጭቃውን ጠርጋ የቋጥኙን ግርጌ ገላልጣ እሳት ታነድዳለች። ድንጋዩ ሲግል በእንስራ ውኃ ቀድታ ትደፋበታለች፤ ይጮኻል፣ እንፋሎቱ ፊቷን ይገርፋታል። ከዚያ ስታየው እንደ ቅርፊት የሳሳ ነገር ረግፎ ታገኛለች። ነፋስ ከገደሉ ሲነሣ እሳቱን ይበትነዋል። አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ ያነደደችውን ያላሰበችው ካፊያ ያጠፋዋል፤ ያን ጊዜ ተቀምጣ በንዴት ታለቅሳለች፤ ዝናቡንም፣ ቋጥኙንም፣ ዳኛውንም፣ ትቷት የሞተውን ባሏንም ትራገማለች።

የአስታ በር ሰዎች አላስቆሟትም። ማስቆም አላስፈለጋቸውም፤ ሳቁባት እንጂ። ከብት የሚያጠጡት ሰዎች ከማዶ ሆነው «ጨው ጨመርሽበት ወይ?» ይሏታል። አንድ ነገር አዋቂም በስሟ ቀልድ አወጣ፤ «በሰለች ቋጥኝ ጣደች፤ እሷ በሰለች፣ ቋጥኙ ግን ገና ጥሬ ነው።» ቀልዱ ገበያ ደረሰ። ሰላ ድንጋይ ገበያ የሄደ ሰው ሰምቶት መጥቶ መልሶ ለራሷ ነገራት። ወንድሟ አፈረ።

«እትዬ፣ ይበቃናል። መሳቂያ ሆንን።»

«አንተ ተው። እኔ መሳቂያ ከመሆን የባሰ የሚመጣብኝ የለም።»

ወልደሩፋኤል አኮረፈ፤ ግን በማግሥቱ ኩበት ተሸክሞ መጣ።

በ1954 በጋ መጨረሻ ላይ በቋጥኙ ጎን ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደች አንዲት ቀጭን መስመር አየች። ቢላዋ እንኳ አታስገባም። በሰለች በጥፍሯ ተከትላ ወረደች። እሳት ጨመረች፣ ውኃ ጨመረች፤ መስመሯ ግን አልሰፋችም። ከዚያ ዝናብ ገባና ሥራው ቆመ። ኩበቷን ሁሉ ስለጨረሰች በዚያ ክረምት በብርድ እየተንቀጠቀጠች ተቀመጠች።

ሐምሌ 18፣ የገብርኤል ዋዜማ፣ ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። በረዶ መጣ፤ ከበረዶው በኋላ መብረቅ በበሩ አካባቢ ወረደ፣ አገሩ ተናወጠ። ብዙም ሳይቆይ ነጎድጓድ ያልሆነ ሌላ ድምፅ ተሰማ፤ ረጅም፣ የማያቋርጥ፣ ከምድር የሚመጣ። በሰለች ከቤቷ ወጥታ ስትሮጥ ቋጥኙ ለሁለት ተከፍሎ አየችው። ግማሹ ወደ ገደሉ ተገልብጧል፤ የጅብራ ባሕር ውኃ ቀይ ሆኖ በመካከሉ ይወረወራል።

በማግሥቱ ለንግሥ የወጣው ሕዝብ ሁሉ በሩ ዳር ተሰበሰበ። የደብሩ ቄስ አባ ኪዳነ ማርያም መስቀላቸውን አንሥተው «ገብርኤል በሰይፉ መታው!» አሉ። ሴቶች እልል አሉ። በሰለች በሰዉ መካከል እየተጋፋች ቀረበች፤ ቀኝ እጇ ወገቧ ላይ ነው።

«አባ፣ ይፍቱኝ። ድንጋዩን የሰነጠቅሁት እኔ ነኝ።»

ሰው ሳቀ። አባ ኪዳነ ማርያም አልሳቁም። «ልጄ፣ ትዕቢት አይግባሽ። መሬትሽን ስለመለሰልሽ አመስግኚ። መብረቁን ሁላችን ሰምተናል።»

«እሳቱንስ ሁላችሁ አላያችሁም?»

«አይተናል። ድንጋዩም በእሳቱ እንዳልተሰበረ አይተናል።»

ዞራ ወንድሟን በዓይኗ ፈለገች። ከዚያ ሁሉ ሰው የእሷን ድካም የተሸከመው ወንድሟ ብቻ ነበር፤ እሱም እጁን ዘርግቶ «በገብርኤል» እያለ ያማትብ ነበር።

ማሳዋ ወጣች፤ ግን የቀድሞዋ ማሳ አልነበረችም። በደለልና በፊላ ሥር ተሸፍናለች። ወልደሩፋኤል አረሰላት፤ ሞፈሩ ተሰበረ፤ ሌላ አምጥቶ አረሰ። የመጀመሪያው ገብስ ገና ሳያሸት ቢጫ ሆኖ ቀረ። «ዋጋዬ ይኸው ነው» አለች በሰለች ገለባውን እየነቀለች።

አንድ ቀን በጥቅምት ወደ በሩ ስትወጣ ገብረአማኑኤልን ከተሰበረው ቋጥኝ አጠገብ ጎንበስ ብሎ አገኘችው። አርጅቷል። የአስታ በር ከብቶች እንደገና ረግረግ መሻገር ጀምረዋል፤ በዚያው ሳምንት የእሱ ጊደር ሰጥማ ነበር። የምትሰድበው መሰላት። እሱ ግን ጣቱን በስብራቱ ፊት ላይ አሽቶ አሳያት። ጣቱ ጥቁር ሆኗል።

«ጥላሸት ነው» አላት። «ውስጡ ድረስ ገብቷል። ውኃውም ሁሉንም አላጠበውም። ጭስ እዚህ የገባው እሳትሽ እየነደደ ሳለ ድንጋዩ ተከፍቶ ስለነበረ ነው። መብረቁ ያገኘው የተሰነጠቀ ድንጋይ ነው፤ ምናልባትም አላገኘውም። የሰበርሽው አንቺ ነሽ፣ በሰለች።»

በሰለች እዚያው ከቋጥኙ ሥር ተቀመጠች። ስንት ዓመት ይህን ቃል ከአንድ ሰው አፍ ለመስማት ስትናፍቅ ኖራለች፤ የሰማችው ደግሞ ከዚህ ሰው ነው።

«እንግዲያው ይናገሩልኝ» አለችው። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በሕዝቡ ፊት። የእርስዎን ቃል ማንም አይጥለውም።»

ገብረአማኑኤል ራሱን ነቀነቀ። «አልናገርም።»

«ለምን?!» ድምጿ ገደሉን መትቶ ተመለሰ።

«ስሚኝ። ሰዎቼ ከብታቸው እየሞተባቸው ዝም ያሉት መልአክ ነው ያፈሰሰው ስለተባሉ ነው። መልአክን ማን ይከስሳል? በሰለች ናት ካልኳቸው ግን ነገውኑ በሩን በድንጋይ ደፍነው ያድራሉ። ማሳሽ ውኃ ይሆናል፤ ይህን ሁሉ ከደከምሽበት በኋላ እንዲህ ሲሆን ማየት አልፈልግም። አንቺም ብትሆኚ ከእንግዲህ አትናገሪ።»

«እኔ የሠራሁትን እኔ አልናገር?»

«መሬቱን ከፈለግሽ አትናገሪ።»

ፊቱን ስታየው እየቀለደ አልነበረም፤ ክፋትም አልነበረበትም። ያናደዳት ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን በሰደበችው። ትክክል የሆነን ሰው ምን ትለዋለች? ተነሥታ ሳትሰናበተው ሄደች።

ከዚያ በኋላ ዝም አለች። ለእሷ ይህ ከእሳቱም ከእንስራውም የከበደ ሥራ ነበር። ማሳዋ በሁለተኛው ዓመት ባቄላ ስትዘራባት ያዘች፤ በሦስተኛው ገብስ ሰጠች። ሰው ቦታውን መብረቅ በር ብሎ ሰየመው። መንገደኛ ሲያልፍ ቆሞ ይሳለማል፣ መብረቁ ድንጋዩን እንዴት እንደ ከፈለው ይተረካል፤ በሰለች ከማሳዋ ሆና እያረመች ትሰማለች፤ የምትነቅለው አረም ከነአፈሩ ይነሣል። ለፋሲካ የመጣች ልጇ እንኳ የገብርኤልን ተአምር ለልጆቿ ስትነግር በሰለች ሰምታ ወደ ውጭ ወጣች። ከገብረአማኑኤል ጋር በቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ እሱ ባርኔጣውን ያነሣላታል፤ ለሌላ ሴት አያነሣም። እሷ በቁጣ ታየዋለች፤ ግን ያልመጣ ቀን ወዴት እንደሄደ ትጠይቃለች።

ገብረአማኑኤል በ1961 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ ሞተ። በሰለች ለቅሶ ሄደች። የአስታ በር ሰዎች የድሮ ጠላቱ መምጣቷን ሲያዩ መንገድ ከፈቱላት። አስከሬኑ አጠገብ ስትደርስ ያ የድሮ ድምጿ ወጣ።

«ኧረ አሁን ማን ያውቅልኛል! ኧረ አንተ ሄድክ፣ አሁን ማን ያውቅልኛል!»

ደረቷን እየመታች ይህንኑ ብቻ ደጋገመችው። ሰዉ አነባ። አባ ኪዳነ ማርያም አጠገባቸው ላለው ሰው «እዩ፣ ይቅርታ እንዲህ ነው» አሉ።

ሲመለሱ ወልደሩፋኤል በመንገድ ላይ ቀስ ብሎ ጠየቃት። «እትዬ፣ ይህን ያህል ታዝኚለት ኖሯል?»

በሰለች ቆመች። እጇን ወገቧ ላይ አደረገች፤ ልትነግረው አፏን ከፈተች። ከበስተኋላቸው የአስታ በር ሰዎች ከቀብር እየተመለሱ ነበር። በባሕሩ ዳር ከብቶቻቸው ጭቃውን እየፈሩ በቀጭን መስመር ይሄዱ ነበር።

«ዝም ብለህ ሂድ» አለችው፤ ቀድማውም ሄደች።